ኳድ ቱ፦ እንዳይሰማ የተሠራው አምፕሊፋየር

አምፕሊፋየር ሲወለድ ሙዚቃ በአጠገቡ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1904 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ የማርኮኒ ኩባንያ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ፣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚይዝለት መሣሪያ ቸግሮት ነበር። ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ለኤዲሰን የመብራት ኩባንያ ሲሠራ ያየው እንግዳ ነገር ትዝ አለው። አየሩ በተመጠጠ አምፖል ውስጥ ከጋለው ክር ፊት ለፊት አንድ ብረት ቢቀመጥ፣ ኤሌክትሪኩ ባዶውን ቦታ ተሻግሮ ብረቱ ዘንድ ይደርሳል፤ የሚሻገረው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ፍሌሚንግ ይህንኑ ተጠቅሞ የመጀመሪያውን ቫልቭ ሠራ። ቫልቩ ሞገድ መያዝ እንጂ ድምፅ ማጉላት አይችልም ነበር።

ማጉላቱን ያመጣው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። በ1906 በጋለው ክርና በብረቱ መካከል የተጣመመ ቀጭን ሽቦ አስገባ፤ ግሪድ የሚባለውን። በግሪዱ ላይ የሚደረግ ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ከክሩ ወደ ብረቱ የሚፈሰውን ትልቅ ጅረት ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል፤ የመስኖ ውሃ መግቢያው ላይ በምትገፋ አንዲት ድንጋይ እንደሚበዛና እንደሚያንስ። ዲ ፎረስት ግን የሠራው ነገር ለምን እንደሚሠራ በቅጡ አልገባውም ነበር፤ አምፖሉ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ካልቀረ አይሆንም ብሎ ያምናል። በ1912 መሣሪያውን ለቤል የስልክ ኩባንያ ሰዎች ሲያሳይ፣ ከተመልካቾቹ አንዱ የሆነው ሃሮልድ አርኖልድ ነገሩን ገለበጠው። ጋዙ ረዳት ሳይሆን ጠላት ነው፤ አየሩ ተመጥጦ ይለቅ አለ። ኩባንያው በ1913 በስልክ መስመር ላይ የመጠቀሙን መብት በ50,000 ዶላር ገዛ። በጃንዋሪ 1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በስልክ መነጋገር ተቻለ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በረዥሙ መስመር ላይ አንድ ማጉያ የሰጠውን ሌላው ተቀብሎ ያጎላዋል፤ አንዱ ያበላሸውንም ሌላው አክብሮ ያጎላዋል። ቫልቭ የገባበትን ድምፅ እንዳለ አያወጣም፤ ትንሽም ቢሆን ያዛባዋል። መዛባቱ በየጣቢያው እየተጠራቀመ መጨረሻው ላይ ያለው ሰው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይሆናል። የቤል መሐንዲሶች ዓመታት የፈጁት የማይዛባ ቫልቭ ፍለጋ ላይ ነው። አልተገኘም።

ኦገስት 2 ቀን 1927 ጠዋት ሃሮልድ ብላክ የተባለ የ29 ዓመት መሐንዲስ ከሆቦከን ወደ ማንሃተን በሚሻገረው የላካዋና ፌሪ ላይ ቆሞ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ሃድሰን ወንዝ መሐል ላይ መልሱ ብልጭ አለለት። የማይዛባ ቫልቭ ከመፈለግ፣ የሚዛባውን ቫልቭ ራሱን እንዲያርም ማድረግ! ከመውጫው ጥቂቱን ወስዶ፣ ገልብጦ፣ ወደ መግቢያው መመለስ። ማጉያው የገዛ ስሕተቱን ከዋናው ድምፅ ጋር እያነጻጸረ ይቀንሰዋል። የሚከፈለው ዋጋ የማጉላት አቅም ነው፤ አቅሙ ደግሞ በርካሽ ይገኛል፤ አንድ ቫልቭ መጨመር ነው። ብላክ ሐሳቡንና ቀመሩን በእጁ በያዘው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ጻፈው፤ ቀኑን ጨምሮ ፈረመበት። ኔጋቲቭ ፊድባክ የተወለደው እዚያ ጋዜጣ ላይ ነው። በደከሙበት የተገኘውን አቅም አውቆ መጣል ለብዙዎች ዕብደት መሰላቸው፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱም መብቱን የሰጠው ዘጠኝ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ1937 መጨረሻ ነው።

ያው 1937 በእንግሊዝ በኩልም ፍሬያማ ዓመት ነበር። ማርኮኒ-ኦስራም የተባለው የቫልቭ አምራች ኬቲ66ን አወጣ፤ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ እስከ 25 ዋት ሙቀት የሚችል ጠንካራ ቫልቭ። ስቴሪዮን በ1931 ፓተንት ያስያዘው አለን ብለምላይን ደግሞ፣ ቫልቩን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘውን የመውጫ ትራንስፎርመር ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ቀድቶ ለቫልቩ በመመለስ መዛባትን የሚቀንስ ዘዴ በዚያው ዓመት አስመዘገበ። ብለምላይን ይህ ሐሳብ ለሙዚቃ ሲውል አላየም። በጁን 1942 አዲስ ራዳር የሚፈተንበት የጦር አውሮፕላን ሲወድቅ ከነሥራ ባልደረቦቹ ሞተ፤ 38 ዓመቱ ነበር።

የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ግን ፒተር ዎከር ነው። በ1936 ለንደን ውስጥ ለስብሰባና ለጭፈራ አዳራሽ የሚሆኑ ማጉያዎች የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ከፈተ፤ ብዙ ሳይቆይ አኩስቲካል ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ ተባለ። በ1941 የጀርመን ቦምብ ስላስቸገረው ዕቃውን ጭኖ ሃንቲንግደን ወደምትባል ጸጥ ያለች ከተማ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ዎከር ቀልድ የሚወድ፣ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ነበር። የኦርኬስትራ ድምፅ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በሽቦ ውስጥ አልፎ ሲወጣም ያው እንዲሆንለት ይፈልጋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ውድድሩ ጦፈ። በ1945 ሃሮልድ ሊክ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ መዛባቱ ከመቶ አንድ አሥረኛ ብቻ የሆነ አምፕሊፋየር ይዤ መጥቻለሁ ብሎ አወጀ። እውነቱን ነበር፤ ዘዴውም የብላክ ፊድባክ ነው። በኤፕሪልና በሜይ 1947 ደግሞ ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ዲ. ቲ. ኤን. ዊልያምሰን የተባለ መሐንዲስ የሠራውን ንድፍ አሳተመ፤ ሁለት ኬቲ66፣ 15 ዋት፣ ከአንድ አሥረኛ በመቶ ያነሰ መዛባት። ዊልያምሰን ከንድፉ ጋር ምሥጢሩን ሁሉ አውጥቶ ነበርና ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ ብየዳ የሚችል ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ሠራው። የሚያስቸግረው የመውጫ ትራንስፎርመሩ ነበር። ፊድባኩ ትራንስፎርመሩንም ስለሚያቅፍ፣ ጠመዝማዛው በጥንቃቄ ካልተጠመጠመ ማጉያው ሙዚቃውን ትቶ የራሱን ፉጨት ይጀምራል።

ተወዳዳሪ ይሆናሉ የተባሉት ዊልያምሰንና ዎከር ወዳጆች ሆኑ። በሴፕቴምበር 1952 በዚያው ዋየርለስ ወርልድ ላይ አብረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በአሜሪካ «አልትራ ሊኒየር» የሚባል ዘዴ ተዓምር እየተባለ ይወራለት ነበር፤ የብለምላይን ሐሳብ በአዲስ ስም መሆኑ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተዓምሩን ወስደው ለኩት። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ተዓምር አይደለም፤ ዎከርም ከዚያ በፊት የራሱን መንገድ ይዞ ነበር። በእሱ ንድፍ ትራንስፎርመሩ ላይ ተጨማሪ ጠመዝማዛ አለ፤ ጠመዝማዛው ከኬቲ66ቱ ካቶዶች፣ ጅረቱ ከሚነሣባቸው የጋሉ ክፍሎች፣ ጋር ይገናኛል። ከጠቅላላው ጭነት አሥር በመቶ የሚሆነው ካቶዱ ላይ ይውላል፤ ቫልቩም ዋናው ፊድባክ ሳይደርስለት በፊት እዚያው በገዛ እግሩ ሥር ራሱን ያርማል።

በ1953 ይህ ንድፍ ኳድ ቱ ተብሎ ገበያ ወጣ።

ዕቃውን በቅርብ ላየው ሰው የሚገርመው ትንሽነቱ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን ከ8 ኪሎ በላይ ነው። በአንዱ ጫፍ የመብራት ትራንስፎርመሩ፣ በሌላው ጫፍ የመውጫ ትራንስፎርመሩ፣ ሁለቱም በብረት ሣጥን ታሽገው በሬንጅ ተሞልተዋል። በመካከላቸው ቫልቮቹ ቆመዋል፤ ሁለት ኬቲ66፣ ሁለት ትንንሽ ኢኤፍ86፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር አንድ ጂዜድ32። የብዙ ተወዳዳሪዎቹ ሆድ ዕቃ ሲከፈት ገበያ ይመስላል፤ የኳድ ቱ ግን በጣት ይቆጠራል። ዎከር ያላስፈለገውን ሁሉ አውጥቶታል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያ እንኳ የለውም። ያ የተቀመጠው ለብቻው በሚሸጠው መቆጣጠሪያ ሣጥን ላይ ነው። ኃይሉ 15 ዋት። 15 ዋት ለዛሬ ጆሮ ቀልድ ይመስላል፤ በአንድ ሳሎን ውስጥ ግን ጎረቤት ለመቀስቀስ ይበቃል።

ንድፉ አንድ ቁጠባ አለበት፤ ቆይቶ ለጠጋኞች እንጀራ የሆነው እሱ ነው። ሁለቱ ኬቲ66ዎች አንድ የካቶድ ሬዚስተር ይጋራሉ፤ 180 ኦም፣ አቅሙ 3 ዋት። በላዩ ላይ 26 ቮልት ይወድቅበታል። ደብተር ላይ ሲሰላ ሬዚስተሩ ወደ 3.75 ዋት ሙቀት እያወጣ ነው። አቅሙ 3 ነው፤ ጭነቱ ከዚያ በላይ። ለሠላሳ ዓመት ይቆያል ብሎ ያሰበ ሰው በሃንቲንግደን አልነበረም መሰለኝ።

በ1957 ዎከር ለአምፕሊፋየሩ የሚመጥን ስፒከር አወጣ፤ ዊልያምሰንም በምርምሩ አብሮት ነበር። ኢኤስኤል የተባለው ይህ ስፒከር ወረቀትና ማግኔት የለውም፤ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የተወጠረ ስስ ፕላስቲክ ነው አየሩን የሚያንቀጠቅጠው። ብዙ አምፕሊፋየሮች እንዲህ ያለ ጭነት ሲሰጣቸው ይደናገጣሉ፤ ኳድ ቱ ተረጋግቶ ያዘው። 15 ዋቱም እዚህ ላይ በረከት ሆነ፤ ከዚያ በጣም የበለጠ ኃይል ስሱን ፕላስቲክ በብልጭታ ይበሳዋል። በ1958 ስቴሪዮ ሸክላ ሲመጣ የኳድ ቱ ባለቤቶች ሁለተኛ ገዝተው ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጡት፤ ኩባንያውም በ1959 ሁለቱን የሚያዝ ኳድ 22 መቆጣጠሪያ አቀረበላቸው። ዛሬ ጥንድ ሆነው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ተከታታይ ቁጥራቸው የሚራራቀው ስለዚህ ነው፤ መንታ ሆነው አልተወለዱም።

በ1967 ትራንዚስተሩ አሸነፈ። ኳድ 303 በአንድ ሣጥን ሁለት ቻናል፣ በየቻናሉ 45 ዋት ይዞ መጣ፤ አይግልም፣ ሲከፈትም ወዲያው ይሠራል። በእኛም አገር ባለ ቫልቭ ሬዲዮ የነበራቸው ቤቶች ያስታውሱታል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ የዜናው ርዕስ ያመልጥ ነበር። ዎከር ለሄደው ቫልቭ አላለቀሰም። ለእሱ ቫልቭም ትራንዚስተርም መሣሪያ ነው፤ ዓላማው የገባው ድምፅ እንዳለ መውጣቱ ነው።

ሰዎች ግን ማልቀስ ጀመሩ። በ1970ዎቹ የሙዚቃ መሣሪያ መጽሔቶች ቫልቭ «ሙቀት» አለው፣ ትራንዚስተር ደረቅ ነው ማለት ያዙ። የዎከር መልስ ፈተና ነበር። ጄምስ ሞየር የተባለውን የአኩስቲክ ባለሙያ ሦስት አምፕሊፋየሮችን እንዲፈትንለት ጠየቀው፤ የ1953ቱን ኳድ ቱ፣ የ1967ቱን 303፣ እና አዲሱን 405። ልምድ ያላቸው አድማጮች ተቀመጡ፤ የትኛው እየሠራ እንደሆነ አያዩም፤ ማንኛቸውም ከአቅማቸው በላይ እንዳይገፉ የድምፁ መጠን ተጠበቀ። ሞየር ውጤቱን በ1978 በዋየርለስ ወርልድ አሳተመ። አድማጮቹ ከግምት የተሻለ መለየት አልቻሉም።

ፈተናው ክርክሩን ይዘጋዋል ያለ ካለ፣ የሰው ልጅን አያውቀውም። አንዳንዱ ሙዚቃው አልተመቸም አለ፤ አንዳንዱ ስፒከሩን አማ፤ አንዳንዱ የተቀያየረበትን ማብሪያ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ግን ዎከር በዚያ ፈተና ለ303 ብቻ ሳይሆን ለኳድ ቱም ጥብቅና ነው የቆመው። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ዕቃ ከአዲሱ ጋር ተቀምጦ አልተለየም ማለት ነውር ሳይሆን ምስጋና ነው። እንዳይሰማ ተሠራ፤ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የገበያ ነው። በ1988 ማርኮኒ-ኦስራም ቫልቭ መሥራት አቆመ፤ ለንደን ውስጥ፣ በኩባንያው የሃመርስሚዝ ፋብሪካ የተሠራ ኬቲ66 ቅርስ ሆነ፤ ዋጋውም እንደ ቅርስ። በ1990ዎቹ ሩሲያና ስሎቫኪያ ውስጥ ቫልቭ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለአዲሶቹ አድናቂዎች ማምረት ቀጠሉ፤ ቻይናም ገባችበት። ኳድ ቱም ከየጣሪያው ሥር፣ ከየጋራዡ እየወጣ በጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ መሰለፍ ጀመረ።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ሕግ ሶኬቱን አለመሰካት ነው። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ የሰካ ሰው፣ ሰባ ዓመት የቆየውን ትራንስፎርመር በሰባት ደቂቃ ሊያጣው ይችላል። መጀመሪያ ዓይን ነው። ከትራንስፎርመሮቹ ሣጥን ሥር ጥቁር ሬንጅ ቀልጦ ወርዶ ከሆነ፣ ያ ዕቃ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር። ቀጥሎ በቴስተር የየጠመዝማዛው ኦም ይለካል፤ በ500 ቮልት መፈተሻ ደግሞ ጠመዝማዛዎቹ ወደ ሻሲው እንዳያፈስሱ ይታያል። ትራንስፎርመሮቹ ጤነኛ ከሆኑ ሌላው ሁሉ በትዕግሥት የሚተካ ነው። እነሱ ከሞቱ ግን ዕቃው የሚሸጠው ለመለዋወጫ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኳድ ቱ አሮጌ በሽታ ነው፤ ድምፁን ከኢኤፍ86ቱ ወደ ኬቲ66ቱ የሚያሻግሩት 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች። ሥራቸው ተለዋዋጩን ድምፅ ማሳለፍ፣ ቀጥተኛውን ከፍተኛ ቮልት ማገድ ነው። የተሠሩት ከወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ በዓመታት እርጥበት ይጠጣል፤ ማገዱን ትቶ ማፍሰስ ይጀምራል። የሚያፈሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ግን በስሌት ይታያል። ከኬቲ66ቱ ግሪድ ወደ መሬት የሚወርደው ሬዚስተር 680 ኪሎ ኦም ነው። ካፓሲተሩ አንድ ተኩል ማይክሮአምፒር ብቻ ቢያፈስስ ግሪዱ ላይ 1 ቮልት ይቆማል፤ መሆን የነበረበት ዜሮ ነው። ግሪዱ ወደ ላይ በተገፋ ቁጥር ቫልቩ ከድርሻው በላይ ጅረት ይጠጣል፤ ይግላል፤ ከእሱ ጋር ትራንስፎርመሩ ይግላል።

ተንኮሉ ያለው የጋራው ሬዚስተር ዘንድ ነው። አንዱ ኬቲ66 አብዝቶ ሲጠጣ በካቶዱ ላይ ያለው ቮልት ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሌላውን ጤነኛ ቫልቭ ይዘጋዋል። አንዱ ሲበዛ አንዱ ሲያንስ ድምሩ ከቦታው ብዙ አይነቃነቅም። ጠጋኙ ቴስተሩን 180 ኦሙ ላይ አስቀምጦ 26 ቮልት ሲያይ «ጤነኛ ነው» ይላል፤ ውስጡ ግን አንደኛው ቫልቭ እየተቃጠለ ሌላኛው እያንቀላፋ ነው። የሁለቱ ጅረት ስላልተካከለ የትራንስፎርመሩ ብረት ወደ አንድ ወገን ማግኔት ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም ዝቅተኛው ድምፅ ነው። መፍትሔው ሁለቱን ለየብቻ መለካት ነው። ከትራንስፎርመሩ መካከለኛ ነጥብ እስከ እያንዳንዱ አኖድ (ጅረቱን የሚቀበለው የቫልቩ ብረት) ድረስ የሚወድቀው ቮልት ይለካል፤ ከዚያ ዕቃው ቀዝቅዞ ሳለ ለዚያው ግማሽ ጠመዝማዛ በተገኘው ኦም ይካፈላል። የሁለቱ ግማሾች የኦም ልክ እኩል ላይሆን ይችላልና አንዱን ለሌላው መጠቀም አያዋጣም። ጅረቱ በየቫልቩ ወደ 70 ሚሊአምፒር ከተቀራረበ ጥሩ ነው።

ካፓሲተሮቹ ሳይጠየቁ ይቀየራሉ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ በምን ይቀየሩ የሚለው ነው። ገበያው ላይ የብር፣ የመዳብ፣ በዘይት የተነከረ ካፓሲተር በአንድ ኬቲ66 ዋጋ ይሸጣል፤ «ድምፁን ይከፍታል» እየተባለ። የማያፈስስ፣ ከ400 ቮልት በላይ የሚችል ተራ የፕላስቲክ ካፓሲተር ሥራውን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ለመልኩ የሚጨነቁ ጠጋኞች የድሮውን ቅርፊት ቦርቡረው አዲሱን ውስጡ ይደብቁታል፤ ይህ ግን ለዓይን የሚደረግ ትሕትና ነውና አልቃወመውም። ከ3 ዋቱ ሬዚስተር ይልቅ ባለ 7 ወይም ባለ 10 ዋት ይገባል። 180 ኪሎ ኦም የነበሩት የካርቦን ሬዚስተሮች በዕድሜ ብዛት ወደ ላይ ሸሽተው ከ200 ካለፉ እነሱም ይሄዳሉ። ትልቁ ባለ 16 እና 16 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲተካ ግን ስስት ጥሩ ነው። «ይብዛ» ብሎ 100 ማይክሮፋራድ የሚያስገባ ሰው፣ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ጂዜድ32ቱን በመጀመሪያው ጭነት እየደበደበው ነው።

ከዚያ መብራቱ። ብልህ ጠጋኝ ከሶኬቱ ጋር አንድ የ60 ወይም የ100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ ያስራል። ውስጥ የተላተመ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ዕቃው ይድናል። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ይደበዝዛል። አንዳንዶች ቮልቱን ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ቫሪያክ ይመርጣሉ፤ ቫልቭ ሬክቲፋየር ባለው ዕቃ ላይ ግን የሚታሰበውን ያህል አይረዳም፤ የጂዜድ32ቱ ማሞቂያ ክር ካልጋለ ከፍተኛው ቮልት አይነሣም፤ ሲነሣ ደግሞ አንድ ላይ ይነሣል። የሚሻለው መጀመሪያ ጂዜድ32ቱን ነቅሎ የማሞቂያውን 6.3 ቮልት ብቻ ማየት፣ ቀጥሎ መልሶ ሰክቶ ዋናው ቮልት ወደ 340 ሲወጣ መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን መውጫው ላይ ጭነት መኖር አለበት። ቫልቭ አምፕሊፋየርን ያለ ጭነት በድምፅ መግፋት የትራንስፎርመሩን ሽፋን በብልጭታ መብሳት ነው። ስፒከርም ለዚህ ፈተና አይሰጥም፤ ባለ 8 ኦም፣ ባለ 50 ዋት ሬዚስተር ይበቃል፤ የመውጫው ማገናኛዎችም ለ8 ኦሙ ተስተካክለው መታሰራቸው ይታያል። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን የሚለው የድሮ ቴክኒሻኖች ምክር እዚህ ላይ ጨዋታ አይደለም፤ ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

አሁን ድምፅ ይገባል፤ 1,000 ኸርዝ፣ ለስላሳ ሞገድ። ዎከር እንዳስቀመጠው 1.4 ቮልት ሲገባ 15 ዋት መውጣት አለበት። በ8 ኦም ላይ 15 ዋት ማለት ወደ 11 ቮልት ነው። በኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዱ ክብነቱን ጠብቆ ያድግና፣ 11 ቮልት አካባቢ ጫፎቹ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። የላዩና የታቹ ጫፍ እኩል ከተቆረጠ ሁለቱ ኬቲ66ዎች ተካክለዋል። አንዱ ቀድሞ ከተቆረጠ፣ ወይም በ8 ቮልት ላይ ከጀመረ፣ አንደኛው ቫልቭ ደክሟል። መግቢያውን ከመሬት ጋር አገናኝቶ የመብራቱን ጉርምርምታ ማየትም ያስፈልጋል፤ መውጫው ላይ ከአንድ ሁለት ሚሊቮልት ካለፈ ምክንያቱ ይፈለጋል። መዛባቱን ለመለካት በ1953 ውድ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በደህና ሳውንድ ካርድና በነፃ ሶፍትዌር እቤት ይሠራል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው «የቫልቭ ሙቀት» የሚባለው ነገር ጥያቄ የሚያስነሣው። ካፓሲተሩ ያፈሰሰ፣ አንዱ ቫልቩ የደከመ ኳድ ቱ በእርግጥም የራሱ ድምፅ አለው፤ ዝቅተኛው ጎላ ብሎ ይላላል፣ ከፍተኛው ይለሰልሳል። አንዳንድ ባለቤቶች ከጥገናው በኋላ «ነፍሱ ጠፋ» ብለው የሚያዝኑት ለዚህ ይመስለኛል። የወደዱት በሽታውን ነበር። መብታቸው ነው፤ ዎከር የሠራው ግን እሱን አልነበረም።

ፈተናው ሲያልፍ ዕቃው ይዘጋና ሁለት ሦስት ሰዓት በሙዚቃ ይሠራል። ከዚያ ይከፈትና ግሪዶቹ እንደገና ይለካሉ፤ ሲቀዘቅዝ ዜሮ የነበረ ሲግል አንድ ሁለት ቮልት የሚያሳይ ይኖራልና። ካፓሲተሩ አዲስ ሆኖ ቮልቱ ከተነሣ ጥፋቱ የኬቲ66ቱ ነው፤ ውስጡ ጋዝ ገብቶበታል፤ አርኖልድ በ1912 ጠላት ያለው ያው ጋዝ። ያ ቫልቭ ከነሣጥኑ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሌላ ይተካል፤ ሚዛኑም ከመጀመሪያው ይለካል። ዕቃው ጥንድ ከሆነ ሥራው በሁለተኛው ኳድ ቱ ላይ ይቀጥላል፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት መግቢያ የሚሰጡት ቮልት ካልተቀራረበ ስቴሪዮው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።